ዣን-ማርታን ሻርኮ

ዣን-ማርታን ሻርኮ (ኖቬምበር 29 ቀን 1825 – ኦገስት 16 ቀን 1893 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ ሐኪምና ከነርቭ ሕክምና መሥራቾች አንዱ ነበር። ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለውን፣ ጡንቻዎችን የሚያዙ የነርቭ ሕዋሳትን የሚገድል በሽታ ለይቶ ያወቀና ስም ያወጣለት እርሱ ነው፤ በፈረንሳይ በሽታው እስካሁን የሻርኮ በሽታ ይባላል። ሻርኮ ይህ በሽታ ሰውነትን እንጂ አእምሮን አይነካም ብሎ ያስተምር ነበር። ትምህርቱ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ለብዙ ታማሚዎች ትክክል እንዳልሆነ ታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ሻርኮ በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበር። ስለ ሕይወቱ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አባቱ የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መሸፈን የሚችለው ለአንድ ልጅ ብቻ ስለነበር ከወንድማማቾቹ በትምህርት የበለጠው ዣን-ማርታን ተመረጠ። ሥዕል መሣል ይወድ ነበር፤ ይህም ችሎታ በኋላ የታማሚዎቹን አቋምና አረማመድ ለመመዝገብ ረድቶታል። በ1853 ሪህን ከሥር ሰደድ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በሚለይ ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

ሳልፔትሪዬር

ሻርኮ በ1862 ከጓደኛው ከአልፍሬድ ቩልፒያን ጋር በፓሪስ የሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ቦታው ቀድሞ ለባሩድ የሚሆን ጨው ማከማቻ ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የድሆች መጠለያ ሆነ። ሻርኮ ሲደርስ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያን፣ ሽባዎችና የአእምሮ ሕሙማን ሴቶች ይኖሩበት ነበር። ሌሎች ሐኪሞች ብዙም የማይመኙት ሹመት ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን ከክፍል ወደ ክፍል እየሄዱ ታማሚዎቹን አንድ በአንድ መመርመርና መመዝገብ ጀመሩ።

የሻርኮ ዘዴ ሁለት ደረጃ ነበረው። ታማሚዋ በሕይወት ሳለች ምልክቶቿን ለዓመታት ይከታተላል፤ ስትሞት አንጎሏንና ሕብለ ሰረሰሯን በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ከዚያ የትኛው ጉዳት የትኛውን ምልክት እንዳመጣ ያገናዝባል። ሳልፔትሪዬር ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ምክንያቱም ታማሚዎቹ ከገቡ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚያው ይቆዩ ነበር። የምትንቀጠቀጥ አንዲት ሴት ሕመሟን በቅርብ ለመከታተል ሲል በቤቱ ሠራተኛ አድርጎ ቀጥሯት እንደነበርና ብዙ ሳህን እንደሰበረችበትም ይተረካል። በዚህ መንገድ በ1868 መልቲፕል ስክለሮሲስን በግልጽ ለየ። የፓርኪንሰን በሽታ በእንግሊዛዊው ሐኪም በጄምስ ፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረበውም እርሱ ነው።

የኤ.ኤል.ኤስ. ግኝት

በ1865 ሻርኮ እጅና እግሯ የተገተረ አንዲት ሴት አጋጠመችው። ሕመሟ ሂስቴሪያ ነው ተብሎ ነበር። ከሞተች በኋላ ግን የሕብለ ሰረሰሯ ጎንና ጎን ጠጥሮ ተገኘ። በ1869 ደግሞ ከአሊክስ ዦፍሯ ጋር ሆኖ፣ ጡንቻቸው መንምኖ በሞቱ ሰዎች ላይ የሕብለ ሰረሰር የፊት ክፍል ሕዋሳት መጥፋታቸውን አሳተመ። ከዚያ በፊት የጡንቻ መመንመንና የእጅና እግር መገተር የተለያዩ ሕመሞች ይመስሉ ነበር። ሻርኮ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንድ በሽታ መሆናቸውን አስረዳ፤ በ1874 አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክለሮሲስ የሚለውን ስም ሰጠው። የመጀመሪያው ቃል የጡንቻን መመንመን፣ የቀሩት ሁለቱ የጎንን መጠጠር ያመለክታሉ፤ ስለዚህ ስሙ ራሱ የግኝቱ ማጠቃለያ ነው ማለት ይቻላል።

ከትምህርቱ አብዛኛው ዛሬም ትክክል ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እጅ ወይም እግር ጀምሮ ይስፋፋል፤ ንግግርንና መዋጥን ያዳክማል፤ በመጨረሻ መተንፈስን ያቆማል። ችግሩ ያለው አእምሮ ጤነኛ ሆኖ ይቀራል በሚለው ላይ ነው። ስሕተቱ እንዴት እንደገባ ለመገመት አያዳግትም። ሻርኮ መልሱን ሲፈልግ የቆየው በዋናነት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነበር። መናገርም መጻፍም ያቃታት ሴት የማሰብ ችሎታዋ ተለውጦ እንደሆነ የሚለካበት ፈተናም በዘመኑ አልነበረም። ታማሚዋ ዝም ስትል ዝምታው ከምላሷ ይሁን ከሐሳቧ መለየት አይቻልም ነበር።

ዝና፣ ሂስቴሪያና ሞት

በ1882 የፈረንሳይ መንግሥት ለነርቭ በሽታዎች ልዩ የፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቁሞ ለሻርኮ ሰጠው። የማክሰኞና የዓርብ ትምህርቶቹ ከመላው አውሮፓ አድማጭ ይስቡ ነበር፤ ሲግመንድ ፍሮይድም በ1885 መጨረሻ መጥቶ ለወራት ተምሯል። ዦዜፍ ባቢንስኪ፣ ፒየር ማሪና ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት ተማሪዎቹ ነበሩ።

በእነዚህ ዓመታት ትኩረቱን ወደ ሂስቴሪያና ሂፕኖሲስ አዞረ። ወንዶችም ሂስቴሪያ እንደሚይዛቸው በማሳየቱ ይመሰገናል። ሆኖም በአዳራሹ ፊት ሂፕኖሲስ የሚደረግላቸው ሴቶች የሚያሳዩት ምልክት ሐኪሙ የሚጠብቀውን ነው ሲሉ በናንሲ ከተማ የነበሩት እነ ኢፖሊት ቤርንኤም ተቃወሙት፤ ከሞተ በኋላም ይህ የሥራው ክፍል በአብዛኛው ተትቷል።

ሻርኮ በ1893 በሞርቫን አካባቢ ለዕረፍት እንደሄደ በሳንባ ውኃ መሙላት ሞተ። ልጁ ዣን-ባቲስት እንደ አባቱ ሕክምና ቢማርም በኋላ የዋልታ አካባቢ አሳሽ ሆኖ ታዋቂ ሆነ። በሳልፔትሪዬር በር ላይ በ1898 የቆመው የሻርኮ የነሐስ ሐውልት በ1942 በጀርመን ወረራ ጊዜ እንዲቀልጥ ተደርጓል።

ስለ አእምሮ የሰጠው ትምህርት የደረሰበት

ሻርኮ ከመሞቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1892፣ በፕራግ አርኖልድ ፒክ የተባለ ሐኪም የአንጎል የግንባርና የጎን ክፍል በመሟሸሹ ቋንቋውና ጠባዩ ስለተበላሸ ታማሚ ጽፎ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሕመም ዛሬ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል። ያኔ ሁለቱን በሽታዎች ያገናኘ አልነበረም። በኋላ ግን በተለይ የጃፓን ሐኪሞች ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲታዩ መዘገቡ። በ2006 ቲ.ዲ.ፒ.-43 የተባለ ፕሮቲን በሁለቱም በሽታዎች ሕዋሳት ውስጥ ተጠራቅሞ ተገኘ፤ በ2011 ደግሞ በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ የዘር ለውጥ ሁለቱንም ሊያመጣ እንደሚችል ታወቀ። አሁን ባለው ግምት ከኤ.ኤል.ኤስ. ታማሚዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት የማሰብ ወይም የጠባይ ለውጥ ያሳያሉ፤ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆኑት ዲሜንሺያ አለባቸው።

ይህን ለማወቅ የተለመዱት የመርሳት በሽታ መመርመሪያዎች አይበቁም። እነርሱ በዋናነት የማስታወስ ችሎታን ይጠይቃሉ፤ በኤ.ኤል.ኤስ. ቀድሞ የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማቀድ፣ ቃላት ማፍለቅ፣ ቋንቋና የሌላውን ስሜት መረዳት ነው። በተጨማሪም እጁ የደከመ ሰው ሥዕል መገልበጥ ስላቃተው ብቻ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሻሮን ኤብራሃምስና ባልደረቦቻቸው በ2014 ያሳተሙት ኤካስ የተባለው የልየታ ምርመራ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከጠቅላላው 136 ነጥብ 100ው በኤ.ኤል.ኤስ. በብዛት ለሚጎዱ ችሎታዎች፣ 36ቱ ለማስታወስና ቅርጽን ለመረዳት የተመደበ ነው። መልስ በንግግር ወይም በጽሕፈት ሊሰጥ ይችላል። ታማሚው በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት እንዲያፈልቅ ሲጠየቅ፣ ያንኑ ዝርዝር ለማንበብ ወይም ለመገልበጥ የሚፈጅበት ጊዜ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ የሚለካው የአፍና የእጅ ፍጥነት ሳይሆን የማሰብ ፍጥነት ነው። ከቤተሰብ ወይም ከአስታማሚ ጋር ስለ ጠባይ ለውጥ የሚደረግ ለብቻው ቃለ መጠይቅም አለው። (የፊደሉን ጥያቄ እንዳለ ወደ አማርኛ መመለስ አይቻልም፤ ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ ስለሆኑና አንድ ፊደል ሰባት መልክ ስላለው ደንቡን እንደገና ማውጣት ይጠይቃል።)

የምርመራው ውጤት ብቻውን ዲሜንሺያ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ወደ ጠለቀ ምርመራ ይመራል እንጂ። ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም። የኤ.ኤል.ኤስ. ታማሚ የመመገቢያ ቱቦ ይግባልኝ ወይስ አይግባ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ልጠቀም ወይስ ልተው የሚሉ ከባድ ውሳኔዎች ይጠብቁታል፤ የመወሰን ችሎታው እየተዳከመ ከሆነ ውይይቱ አስቀድሞ መጀመር አለበት። ቤተሰቡም ስንፍና፣ ኩርፊያ ወይም ጭካኔ የመሰለው ነገር የበሽታው አካል መሆኑን ያውቃል። የብሪታንያ የጤና መመሪያ በ2016 ሐኪሞች በሽታው በታወቀ ጊዜ የማሰብና የጠባይ ለውጥ መኖር አለመኖሩን እንዲያጣሩ አዟል። ለውጥ የማይታይባቸው ታማሚዎችም ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ የሻርኮ ገለጻ እስካሁን ትክክል ነው።