ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ፦ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ

በሀገራችን የመንግሥት አስተዳደር ታሪክ ውስጥ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴነትን ያህል በሕግ ጠባብ፣ በተግባር ግን ሰፊ ሆኖ የተገኘ ሹመት ጥቂት ነው። ሹመቱን በመጀመሪያ የያዙት ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ ሲሆኑ፣ በኋላ የራስነት ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል።

አንዳርጋቸው ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ በጅቡቲ የኢትዮጵያ ቆንስል ነበሩ። ከነጻነት መመለስ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ። የልዕልቲቱ የቀድሞ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገድለው ነበር። በመሆኑም ወደ አሥመራ የተላኩት ሹም የንጉሠ ነገሥቱ አማችም ነበሩ፤ ይህም ዝምድና ከሹመት ደብዳቤው ያላነሰ ክብደት ነበረው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ የጣልያን ቅኝ ግዛት የነበረችው ኤርትራ የራሷ አስተዳደር ኖሯት ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቆራኝ ተወሰነ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦች የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ሆኑ፤ የቀረው የውስጥ አስተዳደር ለኤርትራ ተተወ። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው የእንደራሴው ሥልጣን ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ሰፊ ሥልጣን ያለው ሹም ይፈልግ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር፣ ቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንዞ፣ ግን ሚናው በአብዛኛው የክብር እንዲሆን አደረጉ። እንደራሴው የምክር ቤቱን ስብሰባ በንግግር ይከፍታሉ፣ ሕጎችን ያውጃሉ፤ የፌዴራሉን ሥልጣን የሚነካ ሕግ ሲያጋጥማቸውም እንደገና እንዲታይ ይመልሳሉ። 68 አባላት ያሉትን ምክር ቤትም ሆነ በእርሱ የሚመረጠውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የማዘዝ ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

የዚህን አሠራር እንግዳነት ለመረዳት በዚያው ዘመን ወደ ሆሳዕና መመልከት ይበቃል። ከተማዋ ከከምባታና ከሐዲያ አካባቢዎች ጋር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ ገዥዎቿ ከማዕከል ይሾሙላት ነበር፤ ሕግም ከአዲስ አበባ ይወርድላት ነበር። አሥመራ ግን የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ሰንደቅ ዓላማ፣ ትግርኛና ዓረብኛ የሆኑ ሁለት የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት። በአንድ ዘውድ ሥር ሁለት ዓይነት አስተዳደር ቆመ ማለት ነው። በማዕከላዊ አሠራር ለለመደ ሹም ይህን መቀበል ቀላል አልነበረም።

ፌዴሬሽኑ መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ኤርትራ ከጉምሩክ ገቢ የሚደርሳት ድርሻ አከራካሪ ሆነ፤ የምክር ቤቱ አባላትም የፌዴራሉ መንግሥት በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ይገባል ሲሉ ቅሬታ አሰሙ። አንዳርጋቸው መጋቢት 19 ቀን 1947 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር፣ ለእንደራሴው ጽሕፈት ቤት የውስጥና የውጭ የሚባል የጉዳይ ልዩነት እንደሌለ አስታወቁ። ሕገ መንግሥቱ በጥንቃቄ ያሰመረው ድንበር በአንድ ንግግር ተሻረ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ክረምት የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተድላ ባይሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከኢትዮጵያ ጋር መቀላቀልን ከሚደግፉት መሪዎች ግንባር ቀደሙ ነበሩና፣ መነሣታቸው ነገሩን ከባድ ያደርገዋል፤ ወዳጅ የነበረው እንኳ ከእንደራሴው ጋር መሥራት አልቻለም። የተተኩት አስፍሃ ወልደ ሚካኤል የአንዳርጋቸው ምክትል ነበሩ። ከዚህ በኋላ እንደራሴውን ከኤርትራ አስተዳደር መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ እንዲወርድ ተደረገ።

አንዳርጋቸው ሰባት ዓመት ያህል በአሥመራ ከቆዩ በኋላ ቦታቸውን ለጄኔራል ዐቢይ አበበ አስረከቡ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ እንደ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛት ሆነች፤ የትጥቅ ትግሉ ግን ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው የተሾሙት ተድላ ባይሩም በኋላ ሹመታቸውን ትተው ከታጣቂዎቹ ጎን ተሰለፉ።