ማቲው ሄንሰንና የበረዶው አገር

በማንቡክ ቆላ የሚኖር ልጅ ሙቀትን ያውቃል፤ የደጋ እረኛ ደበሎ የሚያስለብሰውን ብርድ ግን በወሬ ይሰማዋል። በምድር ሰሜን ጫፍ ካለው ብርድ ጋር ሲተያይ የደጋው ብርድ እንደ ጥላ ቅዝቃዜ ነው። በዚያ ባሕሩ ራሱ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጸናል። ወደዚያ አገር ብዙ ጊዜ ሄዶ በሕይወት የተመለሰ ማቲው ሄንሰን የሚባል ጥቁር ሰው ነበረ።

ሄንሰን በ1866 ዓ. ም. በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ተወለደ፤ የዚህ ታሪክ ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ሞቱበት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው በመርከብ ላይ በሎሌነት ገባ፤ የመርከቡም አለቃ ማንበብና መጻፍ አስተማረው። ከዚያ በኋላ ፒሪ ከሚባል የባሕር ኃይል መሐንዲስ ጋር ተዋወቀ፤ በ1891 ዓ. ም. አብሮት ወደ ግሪንላንድ ሄደ።

የዚያ አገር ሰዎች ኢኑዊት ይባላሉ። ሄንሰን ከእነርሱ ለመማር አላፈረም፤ ቋንቋቸውንም ለመደ። ጠጕሩ ያልተላጨ የአጋዘን ቆዳ ካፖርት፣ የድብ ቆዳ ሱሪም መልበስን ተማረ። በጫማው ውስጥ ደረቅ ሣር ይጎዘጉዝ ነበር። በላብ የራሰ ልብስ ቈይቶ በረዶ ይሆናልና፣ ላብ እስኪያጠምቅ ድረስ መሮጥ እንደማይገባ ዐወቀ። በረዶውን እንደ ጡብ እየቈረጠ ጎጆ መሥራትንም ቻለ፤ እንዲህ ያለ ጎጆ ነፋሱን ይከለክላል፣ የሰውንም ሙቀት በውስጡ ይይዛል።

በጥር ወር 1899 ዓ. ም.፣ ፀሐይ በማይወጣበት ወራት፣ በረጅም ጕዞ የፒሪ እግር በብርድ ደረቀ፤ ብዙዎቹም የእግሩ ጣቶች ተቈረጡ። በዚያ ጭንቅ ጊዜ ሄንሰን አልተለየውም፤ አስታመመው።

በ1909 ዓ. ም. ሁለቱ ከአራት ኢኑዊት ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ ገሠገሡ። በመንገድ ሳሉ ሄንሰን ከረጋው ባሕር ላይ ተንሸራቶ በውሃው ውስጥ ወደቀ። ኡታ የሚባለው ኢኑዊት ፈጥኖ ማጅራቱን ይዞ አወጣው። ወዲያው እርጥቡን ጫማ አወለቀለት፤ ውሃው በሱሪው ላይ ሳይረጋም መትቶ አራገፈለት። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ሄንሰን በሞተ ነበር። በሚያዝያ 6 ቀን የዋልታው ስፍራ ነው ካሉት ደረሱ፤ ትክክለኛውን ነጥብ ስለ ማግኘታቸው ግን ሊቃውንት ይከራከራሉ።

ሄንሰን ወደ አገሩ ሲመለስ ክብሩ ሁሉ ለፒሪ ሆነ፤ እርሱ በኒውዮርክ በጕምሩክ ቤት ዝቅ ባለ ሥራ ብዙ ዓመት አገለገለ። በስተርጅናው ተመሰገነ፤ በ1955 ዓ. ም. ሞተ። በ1988 ዓ. ም. ዐፅሙ ፈልሶ በአርሊንግተን፣ በፒሪ መቃብር አጠገብ በክብር ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፤ ከብርድ የሚያድን ደረቅ ልብስ፣ ነፋስ የማይገባው ማደሪያ፣ የማይከዳም ባልንጀራ ነው። ይህንም የሚያገኝ የአገሩን ሰው ጠይቆ ለመማር የማያፍር ነው።