የማው ማው ተከሳሾች ጠበቃ፦ ከችሎት ወደ ናይሮቢ ፖለቲካ የተሻገሩት አርግዊንግስ ኮዴክ

በኬንያ መዲና ናይሮቢ፣ ሀርሊንግሃም የተባለውን ሰፈር አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ አርግዊንግስ ኮዴክ ይባላል። ብዙዎች ስሙን የሚያነሱት ለሹፌር አቅጣጫ ሲነግሩ ነው። የስሙ ባለቤት ግን በኬንያ በጥብቅና ሙያ የተሰማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበሩ። ሕይወታቸው ያለፈውም በዚሁ ጎዳና ላይ ነው።

ክሌመንት አርግዊንግስ ኮዴክ በአውሮፓውያኑ 1923 በምዕራብ ኬንያ፣ በኒያንዛ ግዛት፣ ጌም በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በኡጋንዳ ማኬሬሬ ተምረው በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ ወደ ብሪታኒያ አቀኑ። የተላኩት ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠኑ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሕግን መረጡ። በዚያ ዘመን ቅኝ ገዢዎቹ ለተማረ አፍሪካዊ የሚያስቡለት የመምህርነትን ወይም የጸሐፊነትን ሥራ እንጂ የጠበቃን ካባ አልነበረም።

ጥብቅና ለመቆም የሚያበቃቸውን ማዕረግ በለንደን አግኝተው፣ አየርላንዳዊት ባለቤታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ነጭ፣ እስያዊና ጥቁር በየሰፈሩ ተለያይተው በሚኖሩባት ናይሮቢ ጋብቻቸው እንደ ድፍረት ተቆጠረ። በመንግሥት የሕግ መሥሪያ ቤት የቀረበላቸው ደመወዝም በቀለማቸው ምክንያት ከነጭ ባልደረቦቻቸው ያነሰ ነበር። ኮዴክ ይህን አልተቀበሉም፤ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ።

የገመድ ዘመን

ጊዜው ክፉ ነበር። በጥቅምት 1952 የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የማው ማውን አመጽ ለመደምሰስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ዝርዝር እየረዘመ ሄደ፤ ሰው መግደል ብቻ ሳይሆን ቃለ መሐላ ማስፈጸምና ጥይት ይዞ መገኘትም ለስቅላት ያበቁ ጀመር። አመጹ እስኪያበቃ ድረስ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተሰቅለዋል።

በነዚያ ችሎቶች ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም ነጮች፣ ተከሳሾቹ ግን በአብዛኛው የኪኩዩ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። የክሱን ቋንቋ የማያውቁ፣ ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው ብዙ ነበሩ። የሉኦ ማኅበረሰብ ተወላጁ ኮዴክ ከእነዚህ ተከሳሾች ጎን ቆሙ። ሕጉ ቅኝ ገዢው ያወጣው ቢሆንም፣ ሥርዓቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጥቁር ጠበቃ ማስረጃው እንዲመረመርና ምስክሩ እንዲጠየቅ ሊያስገድድ ይችል ነበር። ለአንዳንዱ ተከሳሽ በሞትና በሕይወት መካከል የቀረው ክፍተት ይኸው ብቻ ነበር።

ከወረዳ እንዳያልፍ የታጠረ ፖለቲካ

የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት የተባለው ፓርቲ በ1953 ከታገደ በኋላ አፍሪካውያን የሚደራጁበት ማኅበር አልነበራቸውም። በ1955 መንግሥት እገዳውን በከፊል አነሳ፤ ይሁን እንጂ ፓርቲዎቹ በየወረዳቸው እንዲወሰኑ፣ አገር አቀፍ እንዳይሆኑ ደነገገ። ኮዴክ ለመላው አገሪቱ የሚሆን ኮንግረስ ሲያቋቁሙ ምዝገባ ተከለከሉ። ስሙንና ወሰኑን አጥብበው የናይሮቢ ወረዳ የአፍሪካውያን ኮንግረስ አሉት፤ በ1956ም ተመዘገበ። ጠበቃው እንግዲህ በሕግ ትእዛዝ የአንድ ከተማ ፖለቲከኛ ሆኑ።

በመጋቢት 1957 አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወኪሎቻቸውን ለሕግ አውጪው ምክር ቤት መረጡ። መብቱ በትምህርት፣ በገቢና በመሳሰሉት መመዘኛዎች የታጠረ ነበር፤ አንዳንዱ መራጭም ከአንድ በላይ ድምፅ ነበረው። ኪኩዩዎች ደግሞ ታማኝነታቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ካልያዙ መምረጥ አይችሉም ነበር። ጠበቃው ሲከራከሩላቸው ከነበሩት ወገኖች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ።

በናይሮቢ የገጠሟቸው ተፎካካሪ የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ቶም ምቦያ ነበሩ። ሁለቱም የሉኦ ልጆች ሲሆኑ፣ አንዱ በችሎት፣ ሌላው በሠራተኛው ዘንድ ስም አትርፈው ነበር። ምቦያ በጥቂት መቶ ድምፆች ልዩነት አሸነፉ። ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን የናይሮቢ ፓርቲ አቋቋሙ፤ የኮዴክ ኮንግረስም ጉልበት እያጣ ሄደ።

ሽንፈቱ ግን ከፖለቲካ አላስወጣቸውም። በ1963፣ ኬንያ ነጻነቷን ባገኘችበት ዓመት፣ የትውልድ ስፍራቸውን ጌምን ወክለው ምክር ቤት ገቡ። በ1966 ኦጊንጋ ኦዲንጋ ከገዢው ፓርቲ ካኑ ወጥተው ተቃዋሚ ፓርቲ ሲያቋቁሙ ብዙ የኒያንዛ ሰዎች ተከተሏቸው። ኮዴክ ግን ከፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ ጋር ቀሩ፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የቀድሞ ተፎካካሪያቸው ምቦያም በዚያው ካቢኔ ውስጥ ነበሩ።

ጥር 29 ቀን 1969 ኮዴክ በናይሮቢ ሕይወታቸው አለፈ። በይፋ የተነገረው የመኪና አደጋ መሆኑ ነው፤ ብዙዎች ግን አላመኑም፣ ጥርጣሬውም እስከ ዛሬ አልከሰመም። በጌም በተካሄደው የማሟያ ምርጫ ሕዝቡ ገዢውን ፓርቲ ትቶ የኦዲንጋን ፓርቲ እጩ መረጠ። በሐምሌ ምቦያ በናይሮቢ መሀል በጥይት ተገደሉ። በጥቅምት የኦዲንጋ ፓርቲ ታገደ።

ከጥር እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ኒያንዛ ሁለት ሚኒስትሮቿንና የተቃውሞ ድምፅዋን አጣች። ፖለቲካን በየወረዳው ያጠረው የ1955 ድንጋጌ ከቅኝ ገዢዎቹ ጋር ቢሄድም፣ መሪን በትውልድ ስፍራው የመመዘን ልማድ ግን በኬንያ ቀረ። ለሌላ ማኅበረሰብ ተከሳሾች ጥብቅና የቆሙት የጌሙ ሰው ሕይወት፣ ያ አጥር ሳይጸና በፊት ሌላ መንገድም እንደነበረ ይመሰክራል።