አለርጂን የሚቀሰቅሰው «ድልብ» ህዋስ

የቃሊቲ አቧራ ያስነጥስዎታል? ዓይንዎንስ ያሳክክዎታል? አለርጂ ከሆነ፣ ዋናው ቀስቃሽ ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊች ያገኘው ህዋስ ነው።

እ.አ.አ በ1854 የተወለደው ኤርሊች፣ የሰውነት ህዋሳትን በጨርቅ ማቅለሚያ እያቀለመ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። በ1878 በመመረቂያ ጽሑፉ በጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ህዋስ ገለጸ፤ ምግብ የጠገበ መስሎት፣ በጀርመንኛ ማደለብን በሚያመለክት ቃል «ማስት ሴል» አለው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶ በ1915 አረፈ።

እንክብሎቹ ሂስታሚን እንደያዙ የታወቀው በ1950ዎቹ ነው። ሂስታሚን ከህዋሱ ሲወጣ ያስነጥሳል፣ ያሳክካል፣ ያሳብጣል።

ስለዚህ ቤት ሲጠርጉ ውሃ ይርጩ፤ አቧራ ሲበዛ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ምላስዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ክኒን ውጠው አይጠባበቁ፤ ፈጥነው ሆስፒታል ይሂዱ።