ስሙን ለመደበቅ ተሰደደ፤ የብዕር ስሙ ግን የሽልማት መጠሪያ ሆነ
የኖርዌያዊው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የስቬን ኤልቬስታድ ሕይወትና ሥራዎች

በኖርዌይ በየዓመቱ ምርጥ ሆኖ ለተመረጠ የወንጀል ሥነ ጽሑፍ ሥራ የሚሰጥ አንድ ታዋቂ ሽልማት አለ። የሪቨርተን ሽልማት ይባላል። አሸናፊው የሚቀበለው ሽልማትም ወርቃማው ሽጉጥ በመባል ይታወቃል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ መጻሕፍታቸው የሚነበብላቸው ስመ ጥር የኖርዌይ ደራስያን ይህንን ሽልማት ማግኘትን እንደ ትልቅ ክብር ይቆጥሩታል።

ሽልማቱ የተሰየመበት ሪቨርተን የሚለው ስም ግን በልደት መዝገብ ላይ የሰፈረ የሰው ስም አይደለም። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ለልብ ወለድ ሥራዎቹ የመረጠው የብዕር ስም ነው። ከዚህ የብዕር ስም ጀርባ ሌላ ስም አለ፤ ከዚያም ስም ጀርባ ደግሞ ባለቤቱ ሊተወው የተገደደ የመጀመሪያ ስም ይገኛል። የሦስቱም ስሞች ባለቤት የሆነው ሰው ለበርካታ ዓመታት የሌሎችን ወንጀል የሚያጋልጡ መርማሪዎችን ታሪክ ሲጽፍ ቢኖርም፣ የራሱ የጎልማሳነት ሕይወት የጀመረው በአንድ የሕግ ጥሰት መሆኑ ታሪኩን ለየት ያደርገዋል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ እናሳስባለን።

ልደትና የትውልድ ከተማ

ክሪስቶፈር ኤልቬስታድ ስቬንድሰን የተወለደው መስከረም 7 ቀን 1884 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ኖርዌይ፣ ከስዊድን ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው የፍሬድሪክስሃልድ ከተማ ነው። ይህች ከተማ ከ1928 ጀምሮ ሃልደን በሚለው ስም ትጠራለች። በእንጨት መሰንጠቂያና በወረቀት ኢንዱስትሪዋ የምትታወቀው ከተማ ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የሚመለከታት ፍሬድሪክስተን የተሰኘ ጥንታዊ ምሽግ አላት።

ምሽጉ በታሪክ ተጠቃሽ የሆነው የስዊድኑ ንጉሥ ካርል 12ኛ በ1718 ከበባ ላይ ሳሉ በጥይት ተመትተው የሞቱበት ሥፍራ በመሆኑ ነው። ንጉሡን የገደለው ጥይት ከጠላት ወገን ይሁን ከገዛ ሠራዊታቸው መካከል መተኮሱ ለዘመናት ሲያከራክር ኖሯል። የወደፊቱ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ያደገው ገዳዩ በውል ሳይታወቅ በቀረ የንጉሥ ሞት ስሟ በሚነሳ ከተማ ውስጥ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም የሚያስገርም ነው።

በዚያ ዘመን የወንጀል ምርመራ ታሪክ በአውሮፓ ገና በማደግ ላይ የነበረ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው አርተር ኮናን ዶይል የሼርሎክ ሆምስን የመጀመሪያ ታሪክ ያሳተመው በ1887፣ ኤልቬስታድ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ኖርዌይ ራሷም ለዘርፉ እንግዳ አልነበረችም። ማውሪትስ ሃንሰን የተባለው ኖርዌያዊ ደራሲና መምህር አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ዝነኛውን የምርመራ ታሪኩን ከማውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአንድን መሣሪያ ሠሪ ግድያ የሚመለከት ታሪክ ለንባብ አብቅቶ ነበር። ሆኖም ከሃንሰን በኋላ ዘርፉን በኖርዌይ ቋሚ አንባቢ ያለው ሙያ ለማድረግ ረጅም ዓመታት ፈጅቷል።

ገንዘብ ማጉደልና የስም ለውጥ

ወጣቱ ስቬንድሰን በሥራ ላይ ሳለ የአሠሪውን ገንዘብ አጎደለ። ድርጊቱ በትውልድ ከተማው ተረጋግቶ እንዳይኖር አደረገው። ሁሉም ሰው እርስ በርሱ በሚተዋወቅባት አነስተኛ ከተማ ውስጥ እምነት ያጎደለ ሰው ስሙ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል። በመሆኑም ወጣቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ዋና ከተማ አመራ። በዚያን ጊዜ ክሪስቲያኒያ እየተባለች ትጠራ የነበረችውና ከ1925 ጀምሮ ኦስሎ የተባለችው ይህች ከተማ ከ200 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ስለነበሯት ለአዲስ መጤ መሸሸጊያ ለመሆን የምትበቃ ነበረች።

በክሪስቲያኒያ ክሪስቶፈር ስቬንድሰን የሚለውን ስም ትቶ ስቬን ኤልቬስታድ ተባለ። ስሙን ፈጽሞ አለመተዉ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ኤልቬስታድ ከጥንትም የስሙ አካል የነበረ ሲሆን፣ ስቬን የሚለው መጠሪያም የስቬንድሰን የመጀመሪያ ክፍል ነው። አሮጌውን ስም ሰባብሮ ከስብርባሪው አዲስ ሠራ ማለት ይቻላል። ኑሮውንም እንደዚሁ አደረገ፤ በአዲሱ ስም የጋዜጠኝነትን ሙያ ተያያዘው።

ጋዜጠኝነትና ልብ ወለድ

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ለኖርዌይ ጋዜጦች አመቺ ጊዜ ነበር። አገሪቱ በ1905 ከስዊድን ጋር የነበራትን ኅብረት አፍርሳ ነፃነቷን ያረጋገጠችበት፣ ከተሞች የሰፉበትና የአንባቢው ቁጥር የጨመረበት ወቅት ነው። ጋዜጦችና ርካሽ መጽሔቶች አንባቢን ለመሳብ ይፎካከሩ ነበር። ለዚህም የሚያስደንቅ ዘገባና በተከታታይ የሚወጣ አጓጊ ታሪክ ያስፈልጋቸው ነበር። ኤልቬስታድ ሁለቱንም ማቅረብ የሚችል ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ።

በዘጋቢነቱ ድፍረት የተመላባቸውን ሥራዎች በመሥራት ይታወቅ ነበር። ከእነዚህም መካከል በሰርከስ ውስጥ ከአንበሳ ጋር በአንድ የብረት ቤት መዋሉ እስከ ዛሬ ይነሳል። በሌላ በኩል በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጀርመን ውጪ ገና እምብዛም የማይታወቀውን አዶልፍ ሂትለርን ቃለ መጠይቅ ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ የውጭ አገር ጋዜጠኞች አንዱ እንደነበረ ይነገርለታል።

ዝናን ያተረፈለት ግን ስታይን ሪቨርተን በሚል የብዕር ስም ያሳተማቸው የወንጀል ታሪኮች ናቸው። በ1908 በአንድ የታሪክ መጽሔት ላይ ክኑት ግሪብ የተባለውን መርማሪና ብርቱ ባላጋራውን ቶማስ ሪየርን ፈጠረ። ግሪብ በኖርዌይ ቋንቋ ጥንብ አንሣ አሞራ ማለት ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ ከፈጣሪው እጅ ወጥቶ ሌሎች በርካታ ጸሐፊዎች እየተቀባበሉ ለአሥርታት ታሪኩን ሲቀጥሉለት ኖረዋል። ብዙዎቹ የግሪብ አንባቢዎች መርማሪውን በስም እያወቁ የመጀመሪያ ፈጣሪውን አያውቁም ነበር።

ኤልቬስታድ ለራሱ ያስቀረው መርማሪ አስብዮርን ክራግ ነው። ክራግ እርጋታ የማይለየው፣ ከሚናገረው ይልቅ የሚታዘበው የሚበልጥ ሰው ነው። ተጠርጣሪውን አስደንግጦ ከመያዝ ይልቅ ቀስ በቀስ ከራሱ ኅሊና ጋር እንዲፋጠጥ ያደርገዋል። ደራሲው በክራግ ታሪኮች ውስጥ ወንጀሉ እንዴት ተፈጸመ ከሚለው ጥያቄ ባልተናነሰ፣ ጥፋት የፈጸመ ሰው ምስጢሩን ይዞ እንዴት ይኖራል ለሚለው ትኩረት ሰጥቷል።

የብረት ሰረገላው

ይህ ትኩረት ጎልቶ የሚታየው በ1909 በታተመውና የደራሲው ምርጥ ሥራ ተደርጎ በሚቆጠረው የብረት ሰረገላው በተሰኘው ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በበጋ ወራት፣ በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ በሚገኝ አንድ የእንግዶች ማረፊያ አካባቢ ነው። ለዕረፍት የመጣ አንድ እንግዳ በሌሊት የብረት ኳኳታ ይሰማል። የአካባቢው ሰዎች ድምፁ ከጥንት ጀምሮ ሞትን ተከትሎ የሚሰማ የብረት ሰረገላ ነው ብለው ያምናሉ። የደን ጉዳይ ኃላፊ የሆነ ሰው በሜዳ ላይ ተገድሎ ሲገኝም አስብዮርን ክራግ ከዋና ከተማው ይጠራል።

የኖርዌይ በጋ ሌሊቱ የማይጨልምበት ወቅት ነው። ኤልቬስታድ ይህንን የተፈጥሮ ሁኔታ በሚገባ ተጠቅሞበታል። አስፈሪ ታሪክ ጨለማን በሚጠይቅበት ዘመን እሱ ፍርሃትን በደብዛዛ የሌሊት ብርሃን፣ በባሕር ጭጋግና በዝምታ ውስጥ አሳየ። ታሪኩን የሚተርከው ያ የማረፊያ ቤቱ እንግዳ ራሱ ሲሆን፣ አንባቢ ሁሉንም ነገር የሚያየው በእሱ ዓይን ነው። ስለዚህ አንባቢ የሚያውቀው ተራኪው የነገረውን ያህል ብቻ ነው።

መጽሐፉን ላላነበቡ ሰዎች ሲባል ፍጻሜውን እዚህ መግለጥ ተገቢ አይሆንም። እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ በ1926 ባሳተመችው ልብ ወለድ ዓለምን ያስደነቀችበትን የአተራረክ ዘዴ፣ ኤልቬስታድ ከ17 ዓመት በፊት እንደተጠቀመበት ግን የዘርፉ ተመራማሪዎች ያነሳሉ። የኖርዌይ ቋንቋ ተናጋሪው ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ይህ ቀዳሚነቱ በዓለም መድረክ የሚገባውን ያህል ሳይታወቅ ቆይቷል።

የኖርዌዩ ደራሲ በአገሩ ሪቨርተን፣ በብዛት በተተረጎመበት በጀርመን ደግሞ ኤልቬስታድ እየተባለ ይነበብ ነበር። አንድ ሰው በሁለት አገር በሁለት ስም ታዋቂ ሆነ፤ በተወለደበት ስም የሚያውቀው አንባቢ ግን አልነበረም።

የፋሲካ ንባብ ልማድ

ኤልቬስታድ በሥራ ላይ ሳለ በ1923 በኖርዌይ የወንጀል ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ክስተት ተፈጸመ። ኑርዳል ግሪግና ኒልስ ሊ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ዮናታን የርቭ በሚል የብዕር ስም ስለ በርገን ባቡር መዘረፍ የሚተርክ ልብ ወለድ ጻፉ። የመጽሐፉ ርዕስ ከፋሲካ በዓል በፊት በአፍተንፖስተን ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ እንደ ዜና ጎልቶ በማስታወቂያነት በመውጣቱ፣ ብዙ ሰዎች ባቡሩ በእርግጥ የተዘረፈ መስሏቸው ተደናገጡ። በፋሲካ ዕረፍት የወንጀል ልብ ወለድ የማንበብ የኖርዌያውያን ልማድ የተጀመረው በዚህ አጋጣሚ እንደሆነ ይነገራል።

ክስተቱ ጋዜጣና የወንጀል ልብ ወለድ በዚያች አገር ምን ያህል የተቀራረቡ እንደነበሩ ያሳያል። መጽሐፉን ለመቀበል የተዘጋጀ አንባቢ ሊገኝ የቻለው ግን ከዚያ በፊት ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል እንደ ኤልቬስታድ ያሉ ጸሐፊዎች ዘርፉን ስላስለመዱት ነው።

ሕልፈትና ከሕልፈት በኋላ

ስቬን ኤልቬስታድ ታኅሣሥ 18 ቀን 1934 የታላቁ የቴአትር ጸሐፊ የሄንሪክ ኢብሰን የትውልድ ከተማ በሆነችው በሺየን ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር።

ከሞተ ከ38 ዓመታት በኋላ፣ በ1972 የኖርዌይን የወንጀል ሥነ ጽሑፍ ለማበረታታት የተቋቋመው ማኅበር የሪቨርተን ክለብ ተብሎ ተሰየመ። ሽልማቱም በዚያው ዓመት መሰጠት ጀመረ። የመጀመሪያው ተሸላሚ ቱር ኤድቪን ዳል ሲሆን፣ የተሸለመውን መጽሐፍ ያሳተመው እንደ ሪቨርተን ሁሉ በብዕር ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ አነ ሆልት በ1994፣ ካሪን ፎሱም በ1996፣ ዮ ነስቦ ደግሞ በ1997 ተሸልመዋል። የእነዚህ ደራስያን መጻሕፍት በበርካታ ቋንቋዎች ተተርጉመው የኖርዌይን የወንጀል ልብ ወለድ ለዓለም አስተዋውቀዋል። የብረት ሰረገላውም ቢሆን አልተረሳም። ዬሰን በሚል ስም የሚታወቀው ኖርዌያዊ ሠዓሊ በዚህ ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ በሥዕል በሚተረክ መጽሐፍ መልክ ለአዲስ ትውልድ አቅርቦታል።

ከኤልቬስታድ ሕይወት የሚገኘው ቁም ነገር ጥፋት ምንም አይደለም የሚል አይደለም። እምነት ማጉደሉ የራሱን ዋጋ አስከፍሎታል፤ የትውልድ ከተማውንም የልደት ስሙንም አሳጥቶታል። ይሁን እንጂ በወጣትነቱ የፈጸመው ጥፋት የሕይወቱ የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ አልቀረም። ምስጢር ያለበት ሰው ምን እንደሚያስብ፣ በር ሲንኳኳ ምን እንደሚሰማው፣ የሚያውቀው ሰው ድንገት ሲገጥመው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ለመጻፍ ከእሱ የተሻለ ቅርበት የነበረው ደራሲ ጥቂት ነው። ያንን ቅርበት ለሥራው እንዳዋለው ለመገመት መጻሕፍቱ በቂ ናቸው።

ስቬንድሰን የሚለውን ስም ኀፍረት ሲያስጥለው፣ ኤልቬስታድ የሚለውን በጋዜጠኝነት ሥራው አስከበረው። ለልብ ወለድ ብቻ የፈጠረው ሪቨርተን የሚለው ስም ደግሞ በየዓመቱ የአገሩ ምርጥ የወንጀል ታሪክ ጸሐፊ በሚሸለምበት መድረክ ላይ በአክብሮት ይጠራል።