የአበበ ቢቂላ ትጋት

ልጆች ሆይ፤ በየጥኖራ፥ በብቸናና በሞጣ አገር የሚኖር ገበሬ ጤፍ ለመዝራት ባሰበ ጊዜ መሬቱን አንድ ጊዜ ብቻ አርሶ አይተወውም። ደግሞ ደጋግሞ ያርሳል፤ አፈሩም ከለሰለሰ በኋላ ይዘራል። በኅዳር ወር የሚያልፍ መንገደኛ ያማረውን አዝመራ አይቶ ያደንቃል፤ በክረምት በዝናብና በጭቃ የደከመውን ገበሬ ግን አላየውም። የታላቅ ሥራ ሁሉ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ፍሬው በገሃድ ይታያል፥ ድካሙ ግን ተሰውሮ ይቀራል። ይህንንም የዝነኛው ሯጭ የአበበ ቢቂላ ታሪክ በግልጥ ያስረዳናል።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱም እንደ ባላገር ልጅ ሁሉ በሜዳ ላይ ገና እየተጫወተ አደገ። ጎልማሳ በሆነ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጣና በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆነ። በዚያም ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የሚባል የስዊድን አገር ሰው ወታደሮችን የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ያስተምር ነበረ። እርሱም የአበበን ጽናት ተመልክቶ ለረጅም ሩጫ ያሠለጥነው ጀመር።

ማራቶን የሚባለው ሩጫ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህ ርቀት በእግሩ ለሚሄድ መንገደኛ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ ብርቱ ሯጭ ግን ከሁለት ሰዓት ጥቂት አልፎ ይፈጽመዋል። እንዲህ ያለውን መንገድ ማንም በአንድ ሳምንት ልምምድ ሊችለው አይችልም። ልብና ሳንባ፥ ጅማትና አጥንት ሁሉ ጥቂት በጥቂት እየለመዱ በብዙ ወራት ይጠነክራሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። በእንደዚህ ያለ ደጋ ላይ የሚኖርና የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ቀዩን ደም ያበዛለታል፤ ወደ ቆላም በወረደ ጊዜ ትንፋሹ ይረዝማል።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት፥ የሮማ የኦሊምፒክ ውድድር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ አበበ በአዲስ አበባ በተደረገው የመፈተኛ ሩጫ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ፈጸመ። የቼኮዝሎቫኪያ ሰው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ያቆመው የኦሊምፒክ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነበረ። እንግዲህ አበበ ገና ከአገሩ ሳይወጣ ያን ወሰን አልፎ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ይህን በሌላ አገር ያወቀው ሰው ጥቂት ነበረ።

ሮማም በደረሰ ጊዜ አዲስ ጫማ ተሰጠው፤ ጫማው ግን እግሩን አቈሰለው። በባዶ እግሩ መሮጥን በልምምድ ያውቀው ስለ ነበረ ሳይደነግጥ ጫማውን ተወው። ሩጫውም የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አሠልጣኙ ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ቤን አብደሰላም እንዲጠነቀቅ አበበን መክሮት፥ ቍጥሩም 26 እንደሚሆን ነግሮት ነበር። ራዲ ግን ሌላ ቍጥር፥ ይኸውም 185ን፥ ለብሶ ቀረበ። ስለዚህ አበበ 26 ቍጥርን ወደ ፊት እየፈለገ፥ ከሚፈልገው ሰው ጋራ ጎን ለጎን ሮጠ። ነገር ግን በልምምድ የያዘውን አካሄድ አልለወጠምና ስሕተቱ አልጐዳውም። ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፥ ኢጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ወስደው በሮማ ባቆሙት ሐውልት አጠገብ አልፎ ፍጥነቱን ጨመረና ራዲን በ25 ሴኮንድ ቀደመው። ሩጫውን የፈጸመበት ጊዜም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲሆን፥ ኢትዮጵያ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይህ ነው። ያም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከአራት ዓመት በኋላ ግን ከዚህ የሚበልጥ ፈተና መጣበት። የቶኪዮ ውድድር ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው፥ አበበ በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ጽኑ ሕመም ያዘው። ሕመሙን ችሎ ለመሮጥ ሞከረ፤ ነገር ግን ወደቀ። ሐኪሞችም ትርፍ አንጀት መሆኑን አይተው በቀዶ ሕክምና አወጡለት። እነሆ፥ የብዙ ወራት ድካም በአንድ ቀን ሊጠፋ የተቃረበ መሰለ።

ልጆች ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አድርጉ። የማራቶን ሯጭ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አዲስ ኀይል አያከማችም። እንዲያውም የሩጫው ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምዱን ያሳንሳል፤ የደከመው ሥጋው እንዲጠገን፥ በብዙ ወራት ያገኘው ብርታትም እንዲጸና ነው። ከዋዜማው ላይ ሆኖ የቀረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልያዝ የሚል ሯጭ ራሱን ያደክማል እንጂ አይጠቀምም። አበበም በሽታ ግድ ብሎት ዐረፈ። ጥቂት በተሻለው ጊዜ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቀስ እያለ እግሩን ያፍታታ ጀመር። ያለፉት ዓመታት ጐተራውን ሞልተውለት ነበርና የጥቂት ቀን ዕረፍት አላጐደለበትም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ፥ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፥ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጸመ። ሁለተኛ የወጣውን የእንግሊዝን ሰው ባሲል ሂትሊን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ከፈጸመም በኋላ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩት ሁሉ ተደነቁ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ነገር ግን ትጋት ሁልጊዜ አክሊልን አያመጣም፤ ይህንም ማወቅ ይገባል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ እግሩ ታሞ ነበር፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላም አቋረጠ። ያን ቀን ያሸነፈው ያገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው። ስለዚህ የአበበ መሸነፍ የኢትዮጵያ መሸነፍ አልሆነም፤ እርሱ የከፈተው መንገድ ለወንድሙ ሆነ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ይነዳው የነበረው መኪና ተገልብጦ ከወገቡ በታች ያለው ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ ነገር ግን እንደ ገና በእግሩ ሊሄድ አልቻለም። ያን ያህል አገር የሮጡ እግሮች ቢዝሉበትም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርን ተማረ፥ በአካል ጉዳተኞችም ውድድር ተሰለፈ። እንደ ቀድሞው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥቂት በጥቂት መማር ነበረበት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ ባሉበት ተቀበረ።

እንግዲህ ፊደል የምትቈጥር ልጅ ሆይ፤ አንተም የፈተና ቀን አለህ። ትምህርትህን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ያዝ፤ ለዋዜማው አታቈየው። ቀኑ ሲደርስም አትሸበር፤ ዕረፍ፥ ተኛ፥ በጠዋትም ተነሥተህ ሂድ። ብታሸንፍ አትታበይ፤ ብትወድቅም ጓደኛህ ባሸነፈ ጊዜ ደስ ይበልህ። ሰው የፈተናውን ቀን አይመርጥምና፥ የሚያዘጋጅበትን ቀን ግን በእጁ ይዟል።