ዐቃቤ ሰዓት ያጣ ሐይቅ

ሕግ የተማርኩ ነኝና ዐቃቤ የሚለውን ቃል የለመድኩት ከዐቃቤ ሕግ ነው። በወሎ ግን ሌላ ዐቃቤ ነበር፤ ዐቃቤ ሰዓት። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጎርፈው ምእመን ብዙ ነው። በዚያው በሐይቅና አምባሰል አገር የሚገኘውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ታላቅ መምህር፣ አባ ኢየሱስ ሞዐን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዳህና ተወለዱ። ደብረ ዳሞ ወጥተው ከአባ ዮሐኒ እጅ መነኮሱ፤ መጻሕፍት መገልበጥም ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። ዛሬ ከየብስ የተያያዘው ገዳም ያን ጊዜ ደሴት ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በ1280 ገደማ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ1290ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ። የገዳሙ አበምኔትም ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሹማምንት ተርታ ተሰለፈ።

የመነኩሴ ቀን በብርሃን ይለካል። እኛም ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ጀምረን አይደል? መነኮሳት ለሌሊት ጸሎት ሲነሱ በውኃ ውስጥም የሚነሱ አሉ። በውቅያኖስም ሆነ በጥልቅ ሐይቆች ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ቀን ቀን ከብርሃንና ከዓሣ ሸሽተው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፤ ሲመሽ አልጌ ሊመገቡ ወደ ላይ ይወጣሉ። በምድር ላይ በየዕለቱ ከሚደረጉት የእንስሳት ጉዞዎች ትልቁ ይህ ነው። ሰዓቱን የሚደውልላቸው ብርሃን ነው።

የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ 80 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ውኃው ውስጥ ያወረዱት ነጭ ሰሌዳ እስከ 9 ሜትር ገደማ ይታይ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጨመረበት። በ1992 በታተመው ጥናት ግን ሰሌዳው ከአንድ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ይሰወር ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ተብራርቷል፦ ዓሣው አልጌ የሚግጡትን እንስሳት በላ፤ አልጌው በዛ፤ ብርሃኑ አጠረ።

ዓሣው ለሕዝብ ምግብ ታስቦ የገባ ነውና ሐሳቡን አልወቅስም። የሚያሳስበኝ ኃላፊው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ ነው ይላል። ግዴታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ይጠብቀው የተባለን ነገር ሁሉም ለሌላው ይተወዋል። ዐቃቤ ሰዓት ስሙ የታወቀ፣ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ለሐይቁም እንዲህ ያለ ሰው ይሾምለት፤ በየወሩ ሰሌዳውን ውኃ ውስጥ የሚያወርድ፣ ያየውን በአደባባይ የሚናገር፣ ዝም ቢል የሚጠየቅ።